ከፏፏቴው በላይ፣ ከፏፏቴው በታች

ገላኔ የባምባሲ ልጅ ናት፤ አሶሳ ላይ ሥነ ሕይወት ታስተምራለች። ልቧን የወሰደባት ግን መንጌ አጠገብ ባለ ጅረት የምትኖር፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ገላዋ እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ የሸርጣን ዘመድ ናት። ሽሪምፕ ይሏታል። ጅረቱን አንድ ፏፏቴ ለሁለት ይከፍለዋል። ከላይ ያሉትም ከታች ያሉትም ለዓይን አንድ ናቸው። በእርግጥ አንድ ዝርያ ናቸው? ወይስ ውሃው ለያይቶ ያሳደጋቸው ሁለት? የሚመልሰው ዘረመላቸው ብቻ ነው። የገላኔ የመመረቂያ ጥናት የተንጠለጠለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ከላይኛው ጅረት፣ ከታችኛው ኩሬ፣
ዘር ጠያቂ ሆኜ፣ ባከንኩ እስከ ዛሬ፣

እያለች ብታንጎራጉር ማን ይፈርድባታል?

መጀመሪያ ያባከናት የምታስተምርበት ግቢ የመጋዘን ሰው ለገሰ ነበር። አልኮል ስጠኝ ስትለው ፎርማሊን ቀድቶ ሰጣት። ፎርማሊን ገላን ያቆያል፤ ዘረመልን ግን ያበላሻል። የአንድ በጋ ልፋቷ በዚያው ቀለጠ። ብትቆጣው፣ ሁለቱም ይሸታል፣ ሁለቱም ከመበስበስ ያድናል፣ ምን አነሰሽ ብሎ ጭራሽ እሱ ተቀየማት።

ዘንድሮ አልኮሉን ራሷ ገዛች። ማስተማሩ ፋታ ስለነሳት፣ በጅረቱ ወርቅ የሚያጥቡትን እማማ ሀምዲያን፣ የላይኞቹንና የታችኞቹን በሁለት ባልዲ ውሃ ለየብቻ ይዘው እንዲጠብቋት አደራ አለቻቸው። ቅዳሜ ሰማዩ ሲጠቁር ጎርፉ ሳይቀድመኝ ብላ በረረች።

እማማ ሀምዲያ ፊታቸው እየበራ ሁለት ሳህን አቀረቡላት። የላይኞቹ በአንዱ፣ የታችኞቹ በሌላው፤ አደራው አልተዛነፈም። ብቻ ቀልተዋል። ከባሚያ ጋር ተቀቅለዋል።

"እማማ፣ ለምን አበሰሏቸው?"

"ለእንግዳ ጥሬ ይሰጣል? እኛ ቤት እንደዚህ የለም። ቢንቲ፣ ልጄ፣ ብላ።" አሏት በተሰባበረ አማርኛቸው።

ሳትቀምስ ብትነሳ ከዚያ ደጅ ዳግመኛ ምን አፍ ኖሯት ትጠይቃለች? ተቀመጠች። ደመናው በኮረብታው ላይ እየወረደ፣ እሷ ጥናቷን በገንፎ እያጠቀሰች ዋጠች። አንዴ ከላይኛው፣ አንዴ ከታችኛው። በጣዕም እንኳ አልተለያዩባትም።

እጇን ሳታደርቅ ሴትዮዋን ይዛ ወደ ጅረቱ ሮጠች። ከፏፏቴው በላይ ውሃው ገና ጥርት ያለ ነበር። እማማ ሀምዲያ በወርቅ ማጠቢያቸው እያፈሱ ሰጧት፤ እሷም ሕያዋኑን ወደ አልኮሉ ጠርሙስ ጨመረች። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ዝናቡ ቀደማቸው። ኩሬው የነበረበት ቦታ ላይ ቀይ ጎርፍ ግንድ እየገፋ ይጓዝ ነበር። ማወዳደሪያ የሌለው አንድ ጠርሙስ ብቻ በእጇ ቀረ። ሌላ ክረምት፣ ሌላ ዓመት።

እማማ ሀምዲያ ሊያጽናኗት ፈልገው፣ በመጪው በጋ ከዚህ የበለጠ ይዘው፣ ከዚህ የበለጠ አጣፍጠው እንደሚጠብቋት ቃል ገቡላት።

ገላኔ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ወደ እሳቸው ዞረች።

"እማማ፣ በሞቴ፣ እኔ እስክመጣ ውሃው ውስጥ ይተዉልኝ።"