አለቅጥ የታጠበው ብሩሽ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ ብሩሽ ማጠብ ነው። የሥራ ዘመኔም ረጅም አይደለም፤ ከአንድ ክረምት እስከ ቀጣዩ ክረምት ነው። የሥራ ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሆኖም ወደ ቀለም ሥራ የሚገቡ ሰዎች እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይደግሙት ብዬ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤታችን መሳለሚያ አጠገብ፣ አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። ከአራቱ ጎረቤቶች አንዱ ጋሼ መኮንን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመርካቶን ሱቆች ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቆቹ ውስጥ ውሃ ስለሌለ ብሩሹ ሁሉ እንደቆሸሸ ወደ ግቢያችን ይመጣል። እሳቸው ደክመው ስለሚገቡ አንዳንዱ ሳይታጠብ ያድርና በማግስቱ እንደ እንጨት ደርቆ ይገኛል።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ መኮንን ስድስት ብሩሽ፣ ሁለት ሮለርና ሦስት ባዶ ቆርቆሮ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

“ሰሚራ፣ ክረምቱን ምን ልትሠሪ አስበሻል?”

“ምንም አላሰብኩም ጋሼ።”

“እንግዲያው ብሩሽ ታጥቢያለሽ።”

እናቴ ከውስጥ “ሽታው ቤት እንዳይገባ” አለች። ቅጥሩ በዚህ ተጠናቀቀ።

ቡድኑ ሦስት ማዕረግ ነበረው። ጋሼ መኮንን ዋና ቀቢ ናቸው፤ ጥግና መስመር የሳቸው ነው። ረዳታቸው ነስሩ የግድግዳውን ቀዳዳ በስቱኮ ይለስናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ሰፊውን ግድግዳ በሮለር ይቀባል። የሚያወራውም እሱ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ነስሩ የኔን ማዕረግ “ክብርት የጽዳት ሚኒስትር” ይለው ነበር።

አጠባው እንዲህ ነው። የዘይት ቀለም የነካው ብሩሽ በመጀመሪያ ካርቶን ላይ እየተጫነ ይጠረጋል። ከዚያ በአንደኛው ቆርቆሮ አሮጌ ቲነር፣ በሁለተኛው አዲስ ቲነር ይታጠባል። በሦስተኛው ሳሙናና ውሃ ይገባል። ከዚያ በማበጠሪያ ተበጥሮ፣ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጸጉሩ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል። አሮጌው ቲነር አይደፋም። ሲያድር ቀለሙ ከታች ይዘቅጣል፤ ላዩ እንደገና ያገለግላል። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ ነበር። የውሃ ፈረቃችን ማክሰኞና ቅዳሜ ስለሆነ ለብሩሽ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለብቻው እሞላ ነበር።

ጋሼ መኮንን የማይሰጡኝ ሰባተኛ ብሩሽ ነበራቸው። መስመር የሚያወጡት በሱ ብቻ ነው። እሱን ራሳቸው ያጥቡታል። እንዳልነካው ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

በነሐሴ መጀመሪያ ለለቅሶ ወደ ጎጃም ሄዱ። ሲሄዱ የሥራ ቦርሳቸውን እኛ ቤት አስቀመጡ። “ስመለስ የሐጂ ሙዘይንን ሱቅ እንጨርሳለን” አሉኝ። ቦርሳውን ስከፍት ሰባተኛው ብሩሽ ውስጡ ነበር።

አየሁትና አዘንኩ። ጸጉሩ እጀታው ላይ ካለው ቆርቆሮ በሚወጣበት ቦታ ላይ የጣት ወርድ ያህል የደረቀ ቀለም ተጋግሮበታል። አረንጓዴ፣ ክሬም፣ ሰማያዊና ቡናማ ተደራርቧል። ጋሼ ዓይናቸው ደክሞ ሳያዩት ቀርተው ነው ብዬ አሰብኩ። ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ ቲነር ውስጥ ዘፈዘፍኩት። የላላውን ቀለም በሹካ ፈነቀልኩ፤ የቀረውን በመርፌ አንድ በአንድ አወጣሁ። ሹካው ከቤት ነበር፤ እናቴ ይህን እዚህ ላይ ስታነብ ነው የምታውቀው። በመጨረሻ ብሩሹ ከሱቅ የመጣ መሰለ። ጸጉሩ እንደ መጥረጊያ ተዘርግቶ አማረልኝ።

ጋሼ መኮንን ማክሰኞ ተመለሱ። ብሩሹን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጸጉሩን ገፋ አደረጉት። ለቀቁት። እንደገና ገፉት።

“ጥሩ አጥበሽዋል” አሉኝ።

ሲመሰገን ለማየት በማግስቱ ቦርሳውን ተሸክሜ አብሬ ሄድኩ።

ሐጂ ሙዘይን አንዋር መስጊድ አካባቢ ምንጣፍ ይሸጣሉ። የሱቃቸው ግድግዳ የድሮ ጭቃ ሆኖ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ከደረት በታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከደረት በላይ ክሬም አዘዋል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው መስመር ሱቁን ሙሉ ይዞራል። ዕቃቸው ሐሙስ ይገባል።

ጋሼ መኮንን ብሩሹን አረንጓዴው ውስጥ ነክረው ከበሩ አጠገብ ጀመሩ። ጸጉሩ ግድግዳውን ሲነካ ወዲያና ወዲህ ተከፈተ። መስመሩ ወፈረ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ።

ነስሩ ሮለሩን አስቀመጠ። “ጋሼ፣ ሐጂ ያዘዙት መስመር ነው። ይሄ የመሳለሚያ ታክሲ ሰልፍ ነው።”

“ዝም በል።”

“ፕላስተር ለጥፈን እንቅባው?”

ለጠፉ። ግድግዳው ጎርባጣ ስለሆነ ቀለሙ በፕላስተሩ ሥር ሾልኮ ወጣ። ሲነቅሉት ከፊተኛው ብሶ ነበር።

ጋሼ መኮንን መሰላሉ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ትንሽ እንደሚንቀጠቀጥ ያን ቀን አየሁ። ያ የተጋገረ ቀለም ጸጉሩን አጥብቆ ይይዘው ነበር፤ ጸጉሩ ሲጠብቅ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ እንኳ መስመሩ አይንቀጠቀጥም። ይህን ማንም አላስረዳኝም። ግድግዳው ላይ ይታይ ነበር።

“ሲባጎ አምጪ” አሉኝ።

በር ላይ ከቀረ አንድ የምንጣፍ ጥቅል ላይ ፈትቼ ሰጠኋቸው። የብሩሹን ጸጉር ከሥሩ ሦስት ጊዜ ጠመጠሙበትና ቋጠሩት። መስመሩ ያዘ። ነገር ግን ሲባጎው ስለሚላላ በየክንዱ እየቆሙ ማጥበቅ ነበረባቸው። በበሩ በኩል የተበላሸውን ለማረም አረንጓዴው መድረቅ ነበረበት። ለዚያ የሚሆን ቀን አልነበረንም።

ሐጂ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሱቁን ዞረው በሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

“መኮንን፣ እዚህ ጋ ምን ነካህ?”

“ብሩሹ ነው ሐጂ።”

“የዛሬ ሦስት ዓመትም በዚሁ ብሩሽ አይደል የቀባህልኝ?”

ጋሼ መኮንን ጎንበስ ብለው ሲባጎውን አጠበቁ።

“እኔ ነኝ ሐጂ” አልኩ። “ብሩሹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።”

“አንቺ ምን አድርገሽው?”

“አጠብኩት።”

ሐጂ ብሩሹን አዩት። “ከዚያስ?”

“ሌላ የለም። አጠብኩት።”

አንድ ጥቅል ምንጣፍ አስመጥተው የተበላሸው መስመር ላይ አስደገፉ። ከዚያ ወደ ጋሼ መኮንን ዞረው “የሚመጣው ክረምት ከሱቁ በላይ ያለውን ፎቅ አስቀባለሁ። ፎቁን እንድትቀባው እፈልጋለሁ። በዚህ መስመር ከሆነ ግን ሌላ ሰው አለኝ” አሉ።

ፎቁ ስድስት ክፍል ነው። ጋሼ መኮንን እንደዚያ ያለ ሥራ በየዓመቱ አያገኙም።

ወደ ቤት ስንመለስ “አዲስ ብሩሽ ቢገዛስ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አዲሱም አንቺ እንዳጠብሽው ነው፤ ይከፈታል።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“አጠባ ትረሺያለሽ” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባተኛው ብሩሽ ለኔ ተሰጠ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጫፉ ይታጠባል፤ ሥሩ አይነካም። ጫፉ በካርቶን ከተጠረገ በኋላ ከእጀታው ቆርቆሮ ሥር ያለው ቀለም በዚያው ይተዋል። ጸጉሩ በጣት ተጨምቆ ቀጥ ይላል፤ በካኪ ወረቀት ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። በየቅዳሜው አንድ ስስ የቀለም ንብርብር ይጨመራል። በማስመሪያ እለካው ነበር፤ ነስሩ “ልብስ ልትሰፊለት ነው?” ይለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የተማርኩት በዚህ ሁኔታ ነው። በየወሩ መጨረሻ ጋሼ መኮንን ከማድቤታችን ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ የሙከራ መስመር ያሰምሩ ነበር። የጥቅምቱ ተከፈተ። የታኅሣሡም ተከፈተ። የየካቲቱ ግማሽ ድረስ ሄደ። እናቴ መስመሮቹን ቆጥራ “ይህ ግድግዳ የማን ደብተር ነው?” አለች። በሰኔ ከፈተና ስመለስ ግድግዳው ላይ አዲስ መስመር አየሁ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር። ጋሼ መኮንን ግን “ሲባጎ አስሬበት ነው” አሉኝ።

በክረምቱ ሐጂ ፎቁን ከፈቱልን። ነስሩ ስቱኮውን ጨረሰ፤ ክሬሙንም በሮለር ቀባ። የመስመሩ ቀን ሲደርስ ጋሼ መኮንን ብሩሹን ከካኪው አወጡት። ጸጉሩ የታሰረበትን ሲባጎ ፈትተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ከአጠገባቸው አረንጓዴውን ቆርቆሮ ይዤ ቆምኩ።

ከበሩ ጀመሩ። አልቆሙም። ነስሩ መሰላሉን ከመንገዳቸው ያነሳላቸው ነበር። ስድስተኛው ክፍል ጥግ ላይ ሲደርሱ ብሩሹን አነሱና “ካርቶን” አሉኝ።

ሐጂ አስር የሚባለውን የከሰዓት ሶላት ሰግደው መጡ። መዳፋቸውን መስመሩ አጠገብ አድርገው ስድስቱንም ክፍል ዞሩ። በሩ ጋ ሲመለሱ ቆሙና ግድግዳውን አዩት።

“እዚህ ምንጣፍ አላስደግፍም” አሉ።

ያን ቀን ብሩሹን ያጠቡት ጋሼ መኮንን ራሳቸው ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ከታች ያለው ምንጣፍ ግን እስከ ዛሬ እዚያው በሩ አጠገብ ነው፤ አልተሸጠም።

አሁን በዶርም ውስጥ የጓደኞቼን ዕቃ ከማጠቤ በፊት እጠይቃለሁ። በሙያው ለሚገቡም የምለው ይኸው ነው፦ የሰው መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት ባለቤቱ ይጠየቃል።

ቀኑን በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ጋሼ መኮንን ሲባጎውን ፈትተው ኪሳቸው የከተቱት ነሐሴ 27 ቀን ነው።