ወለድ ይግባ አይግባ የተባለበት እሁድ

በመስኮቱ በኩል አሥራ አንድ ሰው ቆሟል። ሰብሳቢያችን፣ ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጡት አዛውንት፣ እዚያ ናቸው። ልጄም ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ እዚያው ቆሟል። በበሩ በኩልም አሥራ አንድ ሰው አለ። ከፊት የቆመችው ግድግዳ የምንጋራው ሙስሊም ጎረቤቴ ናት፤ ሁለት እህቶቿ ከጎኗ አሉ። ከክፍለ ከተማ የመጣው የኅብረት ሥራ ባለሙያ መሀል ላይ ጠረጴዛውን ይዞ ቆሟል። እኔ መዝገቡን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቦታው አቃቂ በሰቃ፣ የእድራችን አዳራሽ ነው።

በፊት ድምፅ የምንሰጠው እጅ በማውጣት ነበር። ሰዎቻችን ግን ማንንም ላለማስቀየም ለድጋፉም ለተቃውሞውም እጃቸውን ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ከሃያ ሦስት አባላት ሠላሳ አንድ ድምፅ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢው በእግር ይሁን አሉ፤ የሚደግፍ በመስኮቱ በኩል፣ የሚቃወም በበሩ በኩል ይቆማል፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ መቆም አይችልም። ጸሐፊ ስለሆንኩ ሌላውን ቆጥሬ በመጨረሻ የምቆመው እኔ ነኝ።

የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላቱ ካዋጡት ብር ለአባላቱ ያለ ወለድ ያበድራል። ብዙ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም ድምፁ አንድ ነው። የዚያን እሁድ የቀረበው ሐሳብ ወለድ እንጀምር የሚል ነበር። ባለሙያው እንዳስረዳን፣ ወለድ ካስከፈልን እንደኛ ያሉ ማኅበራት ከተሰባሰቡበት ዩኒየን ተጨማሪ ብር እናገኛለን፤ ለአባላት የምናበድረውም ከፍ ይላል።

ልጄ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ነድቷል። ቃሊቲ አንድ አሮጌ ሚኒባስ አግኝቶ በዋጋ ተስማምቶ ነበር። የጎደለው ግን በማኅበሩ አቅም የሚሞላ አልነበረም፤ ሻጩም ከወሩ መጨረሻ በላይ አልጠብቅም ብሎታል። ጎረቤቴ በበኩሏ ወለድ ከገባ ከነእህቶቿ እንደምትወጣ አስታውቃለች። ሃይማኖቷ አይፈቅድም። ተቆጥታ አልነበረም የተናገረችው።

ሰው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ጎረቤቴ ልጄን ከበሩ በኩል ጠራችው።

«አንተ፣ ሚኒባሱን ስትገዛ በነፃ ትጭነኛለህ?»

«ላንቱማ ግማሽ ሂሳብ፣ እትዬ።»

«አያችሁ! ሳይገዛው ማስከፈል ጀመረ።»

መስኮት ጋ ያሉትም ሳቁ።

ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ» አልኩ። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲህ እማማ፣ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ማኅበሩን ስንጀምር አባል አልሞላልን ብሎ ጎረቤቴ ቤት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ወለድ የለበትም አልኳት። «ለአሁን ነው ወይስ ለሁልጊዜ?» አለችኝ። ለሁልጊዜ አልኳት። ደንቡ ገና አልተጻፈም ነበር፤ ማንንም ሳልጠይቅ ነው ቃል የገባሁላት።

ብዕሩን አስቀምጬ ተነሣሁ። ወደ በሩ መራመድ ስጀምር ልጄ፣ «እማዬ፣ መስኮቱ በዚህ በኩል ነው» አለኝ። ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ ነበር።

«ዓይኔ ደህና ነው» አልኩት።

ጎረቤቴ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። አላየችኝም፤ እኔም አላየኋትም።

«አሥራ ሁለት ለአሥራ አንድ። እንደ ነበረው ይቀጥላል» አሉ ሰብሳቢው። ባለሙያው ወረቀቱን ወደ ቦርሳው መለሰ። አንዱ ከመስኮቱ በኩል፣ «የገዛ እናትህ ጣለችህ እኮ!» ብሎ ልጄን ጎሸም አደረገው።

«እኔማ አሥራ ሁለት ነን ብዬ ነበር» አለ ልጄ።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ውሳኔውን ጻፍኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉም አባል ስለሚፈርም እሱም ተራው ሲደርስ መጣና ፈረመ።

«ለሻጩ ዛሬውኑ መንገር አለብኝ» አለኝ ቀና ሳይል።

«ንገረው።»

መዝገቡን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ቁልፉን ለሰብሳቢው ሰጥቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።