መመለሻው ፖስታ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም ደብቄያለሁ፤ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ቆጥሬ ይህችን ዘልዬያት ተነሥቻለሁ። አሁን የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። እናንተ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይዛችሁኝ፣ አንተ ወንድምህን አግዘሃል፣ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃለህ፣ ለመጽሔታችን አንድ ገጽ ምክር ጻፍልን ስላላችሁኝ ነው። መጽሐፍ ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ሰዎች ናችሁ። የደራሲ ወኪል ትፈልጋላችሁ፤ ሥራችሁን ይዞ ለአሳታሚ የሚያቀርብላችሁ ሰው። ምክር ትፈልጋላችሁ። ግን ከማን ነው የጠየቃችሁት?

የመጨረሻው ደህና ቀን ረቡዕ ነበር። ኦስዶርፕ በሚባል የአምስተርዳም ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በምንኖርበት ቤት፣ ወንድሜ ጋሼ ሥዩም ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ከራሱ መጽሐፍ ውስጥ ገጾች ያወጣ ነበር። መጽሐፉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ በሁለት ክላሰር የታሰረ። ሌላ ቅጂ የለውም። ቀለበቱን ከፍቶ አንድ በአንድ ያወጣል፣ ጠርዙን ያስተካክላል፣ በግራው በኩል ይደረድራል። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ነበር።

"ሳሚ፣ የሴትዮዋን ደብዳቤ አንዴ አንብብልኝ" አለኝ።

"አራት ጊዜ አነበብኩልህ እኮ።"

"አምስት ይሁን። ምን ይጎድልብሃል?"

ቆሜ አነበብኩለት። በሆላንድኛ እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኩት። ዘ ሄግ ያለች ወኪል ናት የጻፈችው። ስለላኩልን እናመሰግናለን፣ መጽሐፍዎ ከምንይዛቸው ሥራዎች ጋር አይሄድም፣ ስለ እናትየዋ የሚያወራው ሦስተኛው ምዕራፍ ታሪኩን ያጓትተዋል፣ ቢወጣ ይሻላል ይላል።

"አንቱ እያለች ነው የምትጽፍልኝ?"

"አዎ፣ አንቱ ነው።"

"ጨዋ ሴት ናት" አለ። "እምቢ ስትል እንኳን ምክንያቱን ነገረችኝ። ሌላ ማን ይነግርሃል?"

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደግሜ ልበለው፤ አንዴ ብቻ ብዬ እንዳላልፈው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ስለ ወንድሜ ሰምታ አታውቅም። አንዲት ገጽ አላየችለትም። ወንድሜን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ሥዩም በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን የሞተችው እኔ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው፤ መልኳን አላስታውስም። ያሳደገኝ እሱ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው እጄን ይዞ ከአገር አወጣኝ። እዚያ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ አምስተርዳም መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥብ ነበር። ሆላንድኛውን ለሥራው ያህል ይሰማል። ማንበቡ ላይ ግን እኔን ይጠብቃል። እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ቋንቋው ቀለለኝ። ቋንቋው ሲቀለኝ እሱም ቀለለብኝ። ጋሼ የምለው ሰው ፊት ብቻ ነበር።

ጎረቤት ሰፈራችን ስሎተርቫርት ካለው ቤተ መጻሕፍት ለጀማሪ ደራሲዎች ምክር የሚሰጥ ቀጭን መጽሐፍ ያመጣሁለት እኔው ነኝ። እናንተ የምትፈልጉት ይኸው፣ ውሰዱት። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። የወኪሉን ስም አትሳቱ። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ራሳችሁን አታወድሱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች በሆላንድኛ አያይዙ። አድራሻችሁ የተጻፈበት፣ ቴምብር የተለጠፈበት መመለሻ ፖስታ አብራችሁ ላኩ። ሁለት ወር ጠብቁ። እምቢ ከተባላችሁ መልስ አትጻፉ። አለቀ። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ልመና? ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ በግማሽ ቀን የሚያውቀው ነገር ነው። ያ መጽሐፍ የማይነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፖስታውን ይዞ የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ።

ጋሼ ሥዩም ደብዳቤውን ሲጽፍ ግማሹ ገጽ ሰላምታ ሆነ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ ሥራዋ ይጠይቃል። ገና ደህና ነዎት ወይ ሳልላት እንዴት ብዬ ጉዳዬን እነግራታለሁ አለኝ። እዚህ አገር ደህንነትህን የሚጠይቅህ የለም፣ አንተም አትጠይቅ ብዬ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ሳቀ። "እሺ፣ የአገሩ አለቃ አንተ ነህ" አለኝ።

ሦስቱ ምዕራፎች ስልሳ ገጽ ነበሩ። የምተረጉመው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ገጽ ተረጎምኩ። አሥራ አንድ። ከዚያ ሰለቸኝ። ኳስ ነበረኝ፣ ጓደኞች ነበሩኝ። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ በምን ያህል ርካሽ ነገር እንደለወጥኩት እንድታውቁ ነው። ጨረስክ ወይ ሲለኝ ጨረስኩ አልኩት። ወፍራም እንዲመስል ከጂኦግራፊ መጽሐፌ ስለ ግድብና ስለ ባሕር ውኃ የሚያወራውን ክፍል ገልብጬ ከአሥራ አንዱ ገጽ ኋላ አስገባሁበት። ጋሼ ሥዩም ተቀብሎኝ በእጁ መዘነው። "ይሄን ሁሉ ጽፌያለሁ?" አለ፤ ደስ አለው። ወንድሜ ስለ ሆላንድ ግድብ የሚያወራ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ የራሱ ድርሰት መስሎት ሲደሰት ቆሜ አየሁ። ከዚህ የባሰውንም ልንገራችሁ? ሳቄ መጥቶብኝ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማን እልከዋለሁ? ፖስታውን ተቀብዬው ወጣሁና ትምህርት ቤት ያለው ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። እሱ ጠበቀ። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ታች ያለውን የፖስታ ሳጥናችንን ከፍቶ ማየት ነበር። ሁለት ወሩ ሲሞላ፣ ሴትዮዋ ታማ ይሆናል፣ አንዴ ብንጠይቃትስ አለኝ። ያኔ ፈራሁ። ብትጠየቅ ምንም አልደረሰኝም ልትል ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጬ እምቢታውን ጻፍኩ። ሰው አንብቦ የጻፈው እንዲመስል አንድ ጉድለት መጥቀስ ነበረብኝ። ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ እናታችን እንደሆነ ራሱ ነግሮኝ ነበር። እኔ አላነበብኩትም፤ አማርኛ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፣ አልፈለግሁም። እሱን ጠቀስኩ። ለምን እሱን? ከሁሉ ረጅሙ እሱ ስለነበረ፣ ብተረጉመው ኖሮ ከሁሉ የሚያደክመኝ እሱ ስለነበረ። ከዚያ በገዛ እጄ አድራሻችንን የጻፍኩበትን መመለሻ ፖስታ አወጣሁ። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የዘ ሄግ እንዲሆን በባቡር ዘ ሄግ ድረስ ሄጄ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ስልሳ ገጽ ለመተርጎም የሰነፍኩት ልጅ ለውሸት ሌላ ከተማ ድረስ ሄድኩ። ወንድሜን በሕይወቴ አንቱ ያልኩት በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። የሦስተኛውን ምዕራፍ ገጾች አውጥቶ ጨረሰ። ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ከተታቸው። "ለምን አታስቀምጠውም?" አልኩት። ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነው።

"ቤት ካለ መልሼ አስገባዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ" አለኝ። "እናቴ ናት እኮ። መተው ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ሳታየኝ አወቀችብኝ። ስትወርድ ይቺን ይዘህልኝ ውረድ።"

ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ተርጉመህ ላክልኝ፣ ምስጋና ነው አለ። እምቢ ለተባለ መልስ አይጻፍም፣ መጽሐፉ ላይ አለ አልኩት።

"መጽሐፉን ተወው" አለ። "ሰው መክሮህ ዝም ትላለህ?"

እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት ሦስት ቃል ነው። ከረጢቱን ይዤ አራት ፎቅ ወረድኩ። በየፎቁ መቆም እችል ነበር። ታች፣ የወረቀት መጣያው ኮንቴይነር ውስጥ ጣልኩት። ማን ገፋኝ? ማንም አልገፋኝም። የጣልኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ከክፍል ተጠርቼ ወጣሁ። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ወድቆ፣ አምቡላንስ ሳይደርስለት አልፏል። የልብ ነው አሉኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ቤቱ በሰው ሞላ። ሁሉም ሰው አይዞህ እያለ፣ ጥሩ ወንድም ነበርክለት፣ ደብዳቤውን ሁሉ የምትጽፍለት አንተ ነበርክ አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናቸውን ተቀበልኩ። ስሎተርቫርት የሚኖሩ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት እናት አሉ። ጋሼ ሥዩም የጻፈውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው ለእሳቸው ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

"ያቺን የእናታችሁን ነገር አንብቦልኛል" አሉኝ። "ደሴ ስልክ ቤት ስትሠራ፣ አንተን አዝላ የሰዉን መስመር ስታገናኝ። አንተ ስታለቅስ ደዋዩ፣ ልጁን አጥቢው እኔ እጠብቃለሁ ይላታል። አታውቃትም አይደል? እሱም ሳሚ አያውቃትም፣ እዚህ ያግኛት ብሎ ነው የጻፈው። ስትረጋጋ አንብበው፣ ልጄ።"

እሺ አልኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሐዘንተኛው ሳሎን ተቀምጦ ሳለ፣ እኔ ወጥ ቤት እሱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጬ የምስጋናውን ደብዳቤ መተርጎም ጀመርኩ። ሰላምታው ግማሽ ገጽ ነበር። አልሰረዝኩትም። ጤናዋን ጠየቅሁ፣ ቤተሰቧን ጠየቅሁ፣ ሥራዋን ጠየቅሁ። ምንም አልዘለልኩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ጽሑፍ ሙሉውን ተረጎምኩ። ስለ እናቴ የጻፍኩትን እንደመከሩኝ አውጥቼዋለሁ፣ ልክ ነበሩ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀት ሰብሳቢው መኪና ታች መጣ። ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚመጣው። ኮንቴይነሩን ሲያነሣ ሰንሰለቱ ይንኳኳል፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። አራት ፎቅ ነው። ብሮጥ እደርስ ነበር። እትዬ ለተብርሃን በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ብሮጥ ወዴት ነው ይሉኛል። ወረቀት ከቆሻሻ ስለቅም የሰፈሩ ሰው በመስኮት ያየኛል፣ ምንድን ነው ይለኛል፣ መናገር ይመጣል። የያዘኝ ይሄ ብቻ ነው። ወንድሜ ሞቶ እንኳን ጥሩ ወንድም መባሉን አልጠገብኩም። ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩት። መኪናው ሄደ።

አንድ ገጽ ነበር ያላችሁኝ፤ አልፌዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ይቅር ልትሉኝ የምትችሉት እናንተ አይደላችሁም፣ የሚችለውም የለም። በመጽሔታችሁ ካወጣችሁት አውጡት፣ ከጣላችሁት ጣሉት፤ መጣልን ከእኔ አትማሩትም። ምክር ካላችሁኝ አንድ አለኝ፤ ፖስታችሁን ራሳችሁ ላኩ።

የዚያን ጠዋት የሴትዮዋን ስም ሳልስት ጻፍኩ። ቴምብር ለጠፍኩ። ትራም መቆሚያው አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ላልጻፈችው ደብዳቤ፣ ላልሰጠችው ምክር፣ ከማታውቀው ሰው ምስጋና ሊደርሳት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት የሚል አንዲት መስመር አልጨመርኩበትም።

መመለሻ ፖስታም አላስገባሁበትም። መልስ እንዳይመጣብኝ።