ለአባቴ ያሰማሁት ስምንተኛ ክፍል

አባቴ ከራዲዮ ጋር የተጣላው በኔ ትምህርት ምክንያት ነው። በራዲዮ የምታስተምረው ሴት ጥያቄ ትጠይቅና ለመልስ የሚሆን ጊዜ ሰጥታ ዝም ትላለች፤ ቀጥላ «ጎበዞች! ትክክል ናችሁ» ትላለች። አንድ ቀን አባቴ ከደጅ ሲገባ ሰማት። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ አፌንም አልከፈትኩ።

«ምን ብለሽ መለስሽላት?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ማንን ነው ጎበዝ የምትለው?»

ሳቄን ዋጥኩት። ለሱ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቴ ቁርአን ያቀራል፤ አገሩ ሁሉ ሸህዬ ይለዋል። ደረሶቹ፣ ማለትም የቁርአን ተማሪዎቹ፣ ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ባለችው ቤት ተሰብስበው ተራ በተራ ፊቱ ይቀመጡና የተማሩትን በቃላቸው ያሰሙታል። ከሳቱ ከመጀመሪያው ያስጀምራቸዋል። ካልሳቱ ዝም ይላል። ከሱ የሚገኘው ምስጋና ያ ዝምታ ብቻ ነው። ሳይሰማ የሚያመሰግን አስተማሪ ለሱ ሳይመዝን እንደሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሴትዮዋን ስሚያት፤ የምታሰሚው ግን ለኔ ነው» አለኝ።

ቤት ውስጥ የተማርኩት ወድጄ አልነበረም። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ሰባተኛና ስምንተኛ ያለው መካነ ሰላም ከተማ ነው፤ ማልዶ የተነሳ ሰው ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነው የሚደርሰው። የባላገር ልጅ እዚያ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ስንቁን ተሸክሞ ይሄዳል። እኔም ለዚያ ስዘጋጅ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የጎረቤታችን ልጅ ስንቋን እንደተሸከመች መንገድ ላይ ተጠለፈች። ሊፈልጓት ከወጡት አንዱ አባቴ ነበር። የበሶ ስልቻዋን ግራር ሥር ወድቆ አገኙት፤ እሷን ግን ያገኟት ሚስት ከሆነች በኋላ ነው። አባቴ ከዚያ ፍለጋ ሲመለስ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ «በቃ፤ አንቺ አትሄጂም» አለኝ።

ጠላሁት። ሌላ ቃል የለኝም። ጠላፊው በሰላም ቤቱ ተቀምጦ እኔ ለምን እንደምታሰር ሊገባኝ አልቻለም፤ እስካሁንም አልገባኝም። ዓመቱን ሙሉ ከሱ ጋር የተነጋገርኩት ለሰላምታና ለሥራ ብቻ ነው። እናቴ በመሀል ስትመላለስ ደከማት።

በዓመቱ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንደኔ ቤት ለቀሩ ልጆች አንድ ነገር ጀመረ። ሞጁል የሚባሉ ስስ መጻሕፍት ይሰጡናል፤ በራዲዮ ትምህርቱን እንከታተላለን፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከቤተሰቦቻችን ጋር ከተማ ወጥተን ከአስተማሪ ፊት እንቀመጣለን። ይህኛውን «ገጽ ለገጽ» ይሉታል። አባቴ አሰበበትና «መጽሐፉ ቤት ከመጣ፣ ልጅቱም ቤት ካለች፣ ምን ቀረ?» አለ። በገበያ ቀን ራሱ ሊወስደኝ፣ ራሱ ሊመልሰኝ ተስማማ። የተስማማው ግን በኔ ልመና አልነበረም፤ እናቴ ናት «ልጅቱ በቁሟ አለቀች» ብላ ያስፈራራችው።

ችግሩ አባቴ የዐረብኛውን ፊደል እንጂ የአማርኛውን አያነብም። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ እንደገና፣ እንደገና። በጆሮው ከያዘው በኋላ ሞጁሉን ያስዘጋኝና «አሰሚኝ» ይላል። አንዲት ቃል ካዘዋወርኩ ከመጀመሪያው ነው። በዚህ ዓይነት የሰባተኛ ክፍልን ትምህርት ሁለታችንም በቃላችን ያዝነው። ሰው ሆዱን አሞት ለዱአ ሲመጣ አባቴ ዱአውን ካደረገለት በኋላ «ጉበት ሐሞት ታመነጫለች» እያለ ያስረዳው ጀመር። እናቴ «እዚህ ቤት ተማሪው ሁለት፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው አንድ» ትል ነበር። እኔም ሳላስበው ከሱ ጋር መሳቅ ጀመርኩ፤ ቂሜ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሒሳቡንም እንዲሁ ሸመደድነው። ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ወርዱ ይህን ያህል የሆነ መሬት ስፋቱ ስንት ነው? ይህን ያህል ነው። ሳልተነፍስ እወርደዋለሁ።

የገጽ ለገጿ አስተማሪ ከደሴ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች፤ ፈጣንና ቁጡ። አንድ የገበያ ቀን ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ ቁጥሮቹን ግን ለውጣቸዋለች። እኔ ደግሞ የሞጁሉን መልስ አንድም ሳላጎድል ጻፍኩላት። ወረቀቴን አየችና አባቴን ከበር አስጠራችው።

«ሸህዬ፣ ልጅዎ ሸምድዳለች እንጂ አልገባትም» አለችው።

«ሳይሸመደድ ምን ይገባል?»

«እኔ እኮ ቁጥሩን ለውጬዋለሁ። እሷ የመጽሐፉን ነው የመለሰችው።»

አባቴ ተቆጣ። «የተጻፈውን ለምን ትለውጪያለሽ? ሰው የተጻፈ ይለውጣል?»

«ሚኒስትሪ ላይም ይለወጣል፣ ሸህዬ። እንዲህ ሆና ከተፈተነች ትወድቃለች።»

ሚኒስትሪ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ፈተና ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ፈጠን ፈጠን እያለ ከፊት ይሄዳል። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ በንዴት እቃጠል ነበር፤ በሷም፣ በሱም፣ ሁሉንም ነገር በቃሌ ይዤ ምንም በማላውቀው በራሴም። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ቆም አለና «ፈራኢድ ነዋ!» አለ። ፈራኢድ የሟች ውርስ የሚከፋፈልበት ሕግ ነው፤ ባገራችን ሰው ሲሞት ወራሾቹን የሚያካፍለው አባቴ ነበር። «ድርሻው የተጻፈ ነው፤ አይለወጥም። ሟቹ ግን ይለያያል። አንዱ እናት ይተዋል፣ አንዱ አይተውም። እኔ ለሟች ሁሉ ያንዱን ሟች መልስ ብሰጥ ኖሮ አገሩ ተፋጅቶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሰው ይገድልልኝ ጀመር። «አንድ ሰው ሞተ። ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቷል። ሃያ አራት በጎች አሉት። አካፍዪ።» ለሚስቲቱ ሦስት፣ ለእናቲቱ አራት፣ የቀረው ለልጁ። በማግስቱ በጎቹ ይበዛሉ፤ በሳልስቱ ሟቹ ሴት ትሆናለች። ክፍልፋይ የገባኝ ያኔ ነው። አስተማሪዋም ከዚያ ወዲያ አልጠራችውም። ስምንተኛ ክፍልን የጀመርኩት እንደ ሰው እያሰብኩ ነው።

በዚያው ዓመት ሽማግሌ መጣ። ላኪው የሰፈራችን ነጋዴ ነበር፤ የደረሶቹን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም እኛ ዘንድ የሚያስቀራው ሰው። ለወንድ ልጁ ነው የጠየቀኝ። እኔ ወንዝ ወርጄ ስለነበር ያልሰማሁትን እናቴ ማታ ነገረችኝ። አባቴ «ወላሂ፣ ስታኸትም እሰጣችኋለሁ» ብሎ ምሎላቸዋል።

ማኽተም ማለት ደረሳ ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር ሲጨርስ ነው። ይታረዳል፣ ይበላል፣ ዱአ ይደረጋል፤ ያኸተመው ልጅ ወደ ቤቱ ወደ ኑሮው ይሄዳል። አባቴ የኔንም ትምህርት እንደዚያ ነው ያየው። ሞጁሎቹ የመጨረሻ ገጽ አላቸው፤ የመጨረሻውን ገጽ አሰማዋለሁ፤ ተፈትኜ አልፋለሁ፤ አለቀ፣ አኸተመች፣ ትዳር። ከስምንተኛ በኋላ ዘጠነኛ እንዳለ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀ። እኔ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ብወድቅ «ትምህርቱ አልሆናትም» ተብዬ እዳራለሁ። ባልፍ ጨርሳለች ተብዬ እዳራለሁ። ያን ሰሞን ያነበብኩት ሁሉ አፈር አፈር አለኝ።

የመጨረሻውን ሞጁል ያሰማሁት ደረሶቹ በሌሉበት፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት ቀጥሎ ነው። አንዴም አልሳትኩም። አባቴ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ለዱአ እጁን ዘረጋ።

«አባ፣ አላለቀም» አልኩት።

እጁን እንደዘረጋ አየኝ። «ምን ቀረ?»

«ዘጠነኛ አለ። አሥረኛም አለ።»

«መጽሐፉ የታለ?»

«እዚህ አይሰጥም። ከተማ ተቀምጦ፣ በየቀኑ ክፍል ገብቶ ነው ሰው የሚማረው። በእንግሊዝኛ ነው።»

እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ስለ መንገዱ ይናገራል፣ ስለዚያ ስልቻ ያነሳል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር፤ መልሴንም አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ «እዚያማ የምታሰሚው ለኔ አይደለም» አለ። እኔ አለቀስኩ። እሱ ተነስቶ ወጣ፤ ዱአውንም አላደረገም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልወጣውም። ሚኒስትሪ ሊያስፈትነኝ ይዞኝ ሄደ፤ ከግቢው ውጭ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ስወጣ «ሟቾቹ ደህና ናቸው?» አለኝ እንጂ ሌላ አልጠየቀኝም። ውጤቱ መጥቶ ማለፌን አስተማሪዋ ስትነግረን ገበያ መሀል ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰው የልጁን ማለፍ ሲሰማ እንደዚያ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ላኩ። እናቴ አባቴን ለብቻው ይዛ ስትለምነው ሰማኋት።

«ወደቀች በላቸው። ወረቀቱን ማን ያነበዋል? እሷም ጊዜ ታገኛለች፣ ያንተም ቃል አይፈርስም።»

«አልወደቀችማ» አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ከብቱ ተወራ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ «እንግዲህ ሸህዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ልጅዎ አኸትማለች አሉ። እኛም በቃልዎ መጥተናል» አሉ።

«መጥታችኋል» አለ አባቴ። «እኔም ምዬላችሁ ነበር። ሳላውቅ ነው የማልኩት፤ ትምህርቷ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አልሰጣችሁም፤ ዘጠነኛ ትገባለች። መሐላዬን አፍርሼዋለሁ፤ ከፋራው በኔ ላይ ነው።»

 ትልቁ ሽማግሌ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ሸህዬ፣ መሐላ የሚያፈርስ ሰው ልጆቻችንን ምን ብሎ ያቀራል?» አሉት።

 ሽማግሌዎቹ ዱአ ሳያደርጉ ተነሱ። እኛ ቤት የገባ ሰው ዱአ ሳያደርግ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ጠዋት የነጋዴው ልጆች አልመጡም፤ የዘመዶቹም ልጆች አልመጡም። የቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሳስቶ ሳስቶ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ነጻ ወጣሁ ብዬ መደሰት ነበረብኝ። አልተደሰትኩም፤ ፈራሁ። ያን ሁሉ ቂም ተሸክሜ የት ላድርሰው?

የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ቀን እናቴ ገንፎ አቀረበችልን። አባቴ እጁን አላስገባም።

«ምን ጾም ነው ዛሬ?» አለችው።

«የመሐላዬ» አላት።

የመሐላ ከፋራ ይህ ነው፤ ያፈረሰው ሰው ድሆችን ያበላል፤ የሚያበላው ከሌለው ይጾማል። እነዚያ ደረሶች ከቀሩ ወዲያ ወላጆቻቸው ያመጡልን የነበረው እህል ስለቆመ የኛው ጎተራ ለኛም አይበቃም ነበር። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ የኔን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝና ወደ ጓዳ ገባች።

አባቴ የስንቄን ስልቻ ራሱ ተሸከመው። በዚያ ፀሐይ ከፊቴ ከፊቴ እየሄደ አቀበቱን ወጣን፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ካለችው ምንጭ ስንደርስ ቆመ።

«ጠጪ» አለኝ። «ገና ሩቅ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠበቀኝ።