ምላስም ይጾማል

ልጆቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የጾሙት በዚያ ክፉ ክረምት ነው። ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ ስድስት። በእኛ ቤት ሕፃን የሚጾመው እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትር ነው። አዛን ሲሰማ ዳቦውን ይበላል፣ በማግስቱ ሌላ ግማሽ ቀን ይጾማል፣ እናቱ ሁለቱን ግማሽ ሰፍታ አንድ ቀን ታደርግለታለች። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። ሴቷ ግን ግማሽ አልፈልግም አለች።

«ሙሉውን ነው የምጾመው።»

ደስ አለኝ። ደስታዬ ልክ አጣና ከሚገባው በላይ አስተማርኳት። «ጾም የሆድ ብቻ አይደለም፣ ምላስም ይጾማል» አልኳት። «የዋሸ ሰው ጾሙ ፈረሰ። ውሃ እንደ መጠጣት ቁጠሪው።» ውሸት የጾሙን ምንዳ ይበላል እንጂ ጾሙን እንደማያፈርስ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቤታችን ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ነበር። ባለቤቴ በርበሬ ይነግዳል፤ ጆንያዎቹ ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ ይደረደራሉ። ከጆንያዎቹ ኋላ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተደብቆ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተወስደዋል፤ ሁለቱ ጠዋት መንገድ ላይ ተጥለው ተገኝተዋል። እሱ ቢያዝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጆቹም ያውቁ ነበር። በዚያ ዘመን ከልጅ የሚሰወር ነገር አልነበረም።

ጎህ ሳይቀድ ለሱሑር ስንነሳ መስኮቱን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። በዚያ ሰዓት መብራት የታየበት ቤት ስብሰባ አለው ይባላል። እሱም ከቆጡ ወርዶ ከእኛ ጋር ይበላል። ቀኑን በዝምታ ስለሚውል ቀልዱን ለልጆቹ ያጠራቅም ነበር። ወንዱ ልጄ ምራቅ መዋጥ ጾም ያፈርሳል ብሎ እስከ ዙሁር ግቢው ውስጥ ሲተፋ ነው የሚያረፍደው።

«አንተ ልጅ፣ ምራቅህ እኮ በሦስት ቀን አለቀ» አለው አጎቱ። «ለዒድ ምን ልትውጥ ነው?»

«እህቴ ትሰጠኛለች።»

«የእሷማ መራራ ነው፣ ተጠንቀቅ!»

አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን። ሴቷ አልሳቀችም።

«እማ፣ አብዮት ጥበቃዎቹ አጎቴ የት ነው ብለው ቢጠይቁኝስ? ጾሜን እያለሁ?»

 ባለቤቴ «አንቺን ደግሞ ማን ይጠይቅሻል? ይልቅ ብዪ» አላት።

እንደሚጠይቋት ግን አውቅ ነበር። በሰባተኛ ሰፈር በኩል አሰሳ ተጀምሯል። ትልቁን ሰው ትተው ሕፃኑን ነው የሚያናግሩት ተብሏል። ዋሺ ልላት አፌን ከፈትኩ። ያንኑ ሳምንት ያስተማርኳትን በራሴ አፍ ማፍረስ አቃተኝና መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ሱሑር በሁለተኛው ቀን ነው የመጡት። ወንዱ ዳቦውን በልቶ ተኝቷል። ባለቤቴ ሱቅ ነው። ሴቷ ከንፈሯ ደርቆ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ዝናቡ እንዳባራ፣ በሰፈራችን ቀኑን ሙሉ የማይቋረጠው የሙቀጫ ድምፅ በየግቢው ተራ በተራ ሲቆም ሰማሁ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ የጎረቤቴም ቆመ።

ሦስት ነበሩ፣ ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል። መሪያቸውን አውቀዋለሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እናቱ በረመዳን ሾርባ ትልክልኝ ነበር።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። የባለቤትዎ ወንድም የት ነው?»

«ክረምት ሳይገባ አገር ቤት ሄዷል» አልኩት። እኔም ጾመኛ ነበርኩ።

ወደ ቆጡ የሚያወጣውን መሰላል አየ። ከዚያ ልጄን አየ፤ ሄዶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ጾመሻል?»

«አዎ።»

«እስከ ዙሁር ነው?»

«ሙሉውን።»

«ጎበዝ! እየጾመ የሚዋሽ ልጅ ጾሙ ፈረሰ ትለኝ ነበር እናቴ። ያንቺስ እናት?»

«እሷም ትለኛለች።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ከእናንተ ሌላ እዚህ ቤት ማን አለ?»

 ልጄ ወደ እኔ አልዞረችም። ተነሳች፣ ወደ ውሃው ባልዲ ሄደች፣ በጣሳው ቀዳች፣ ጠጣች። ፉት ብላ አልተወችም፤ እስኪያልቅ ጠጣች። ጣሳውን ቦታው መለሰችና አፏን በክንዷ ጠርጋ ፊቱ ቆመች።

«ማንም የለም» አለችው። «እኛ ብቻ ነን።»

አንደኛው ባለጠመንጃ ሳቀ። «ጾመኛዋ ውሃ ጠማት እንዴ!»

መሪው አልሳቀም። ጣሳውን ያይ ነበር። ምን እንዳየ እሱና እኔ ብቻ ነን የገባን።

«ቆጡን እንየው?» አለ ሌላው፣ መሰላሉ ላይ እግሩን አድርጎ።

«በርበሬ ነው ሰውዬ! ስታስነጥስ ልታመሽ ነው? ውረድ፣ እንሂድ።»

ሁለቱ ቀድመው ወጡ። እሱ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ ነገ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። እነሱ በርበሬ አይፈሩም።»

ያንኑ ዕለት መግሪብ ሲቃረብ፣ ጾመኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ፣ የባለቤቴ ወንድም እንደ ተሸካሚ አሮጌ ኮት ለብሶ፣ ጆንያ በጀርባው አዝሎ ወደ አውቶቡስ ተራ ወጣ። «እትዬ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» ብቻ ነው ያለኝ። በሕይወት መኖሩን የሰማነው ዓመት ካለፈ በኋላ ከአንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ አፍ ነው። አልሐምዱሊላህ። ያ የሰፈር ልጅ ግን ጥቂት ወር ቆይቶ ጠፋ። እናቱን ደፍሬ አልጠየቅኋትም። በሶላቴ ግን እስከ ዛሬ አልዘነጋሁትም።

ያን ዕለት ማታ ስናፈጥር ልጄ ከማዕዱ ርቃ ተቀመጠች።

«ነዪ እንጂ» አላት አባቷ።

«እኔኮ ጠጥቻለሁ።»

ከጾመኞቹ ጋር መቀመጥ አፍራ ነው። አባቷ ተነስቶ ተምር በእጇ አስያዛት። ከእኛ የበለጠ የጾመችው እሷ መሆኗን ልነግራት ፈለግሁ። ራሷን ብቻ ዳበስኳት።

ለሱሑር ስነሳ ልቀሰቅሳት አላሰብኩም። ለካ ነቅታ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ምግቡን አቀረብኩ። ከመስኮቱ ውጭ የከባድ መኪና ድምፅ አለፈ፤ እስኪርቅ ድረስ ማናችንም አልጎረስንም።

«ነዪ ብዪ፣ ሊነጋ ነው» አልኳት።

«ዛሬ አልጾምም እማ።»

«ስለ ትናንቱ ውሃ ከሆነ ልጄ፣ አላህ ያውቃል፣ አይ...»

«በሱ አይደለም» አለች። «ሌሎቹ ይመጣሉ ብሏል። አጎቴ የት ሄደ ይሉኛል።»

ረፋዱ ላይ ስድስት ሆነው መጡ፣ ሳንጃቸውን ሰክተው። ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላ ነበር።