የኮፍያ ሰፊው መርፌ

የያዙኝ አሶሳ፣ እናቴ ቤት በራፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ የአንጎል ቀዶ ሕክምና እማር ነበር፤ ለዕረፍት መጥቼ አንድ ስብሰባ ላይ አፌን ከፈትኩ። ያስገቡኝ ክፍል ላብ ላብ ይሸታል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀቱ ይንጣጣል። ጥግ የያዙ ሽማግሌ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከአሶሳ በመኪና የሚኬድባት የመንጌ ሰው ናቸው፤ ኮፍያ ሰፊ።

የፈራሁት ዱላ አልነበረም፤ ለጣቶቼ ነበር የሰጋሁት። የምማረው ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሁለት የደም ሥሮችን ሰፍቶ ማገናኘት፣ ደም ለተቋረጠበት አንጎል ሌላ መንገድ ማበጀት ነው። እጅ ጥቂት ሳምንት ካረፈ ይሰንፋል። ይህን ስነግራቸው ከኮፍያቸው ጠርዝ ቀጭን መርፌ መዘዙ። መርፌ ክልክል ነበር።

"ዶክተር፣ ያዝ። እጅ ካልሠራ ይረሳል" አሉኝ።

ከቤት በመጣልኝ ምግብ ውስጥ የሽንኩርት ቅጠል ነበር፤ ውስጡ ክፍት ነው። ቆርጬ፣ ከጆንያ በመዘዝኩት ክር መልሼ ሰፋሁት። ውሃ ስናፈስበት አላልፍ አለ። ከውጭ ስፌቱ ያምራል፤ መርፌዬ ግን የፊቱን ግድግዳ ከኋላው ጋር አብሮ ሰፍቶታል። የጀማሪ ስህተት ነው። ሽማግሌው ሳቁብኝ።

"ኮፍያ እንዲህ ከሰፋ ጭንቅላት በየት ይገባል? ውስጡ ስንጥር አግባ፣ ከዚያ ስፋ።"

ከመጥረጊያው ስንጥር መዝዤ እንዳሉኝ አደረግኩ። ውሃው አለፈ። እንደ ልጅ አጨበጨብን።

ሐሙስ ጠዋት ፍተሻ ሆነ። መርፌው ከእኔ ፍራሽ ሥር ተገኘ።

"የማን ነው?" አለ ጠባቂው።

ሽማግሌው "ነገ ጁምዓ ሚስቴ ከመንጌ ትመጣለች" እያሉ ሸሚዛቸውን አጥበው አስጥተው ነበር። ያንን ሸሚዝ እያየሁ "የሳቸው ነው" አልኩ። ውሸት አልነበረም። መርፌው የሳቸው ነበር። ይህን ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት!

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። "አዎ፣ የእኔ ነው" አሉ። ማን ሲሰፋበት እንደነበረ አልተናገሩም። ለአንድ ወር ጠያቂ ተከለከሉ።

በማግስቱ የሴት ድምፅ ከበሩ ተሰማ፤ በሳቸው ቋንቋ፣ በቤርትኛ፣ ስትለምን ቆየችና ራቀች። ሽማግሌው የታጠበውን ሸሚዝ ለብሰው፣ ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። እኔ በኀፍረት ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከኋላዬ ትከሻዬን ነኩኝ፤ ስንጥር ይዘው ነበር።

"መርፌ እስኪመጣ በዚህ ሥራ። እጅህ እንዳይረሳ።"

ተቀበልኳቸው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። በሳምንቱ እኔ ተፈታሁ፤ እሳቸው ቀሩ።

ዛሬ በማይክሮስኮፕ ሥር እሰፋለሁ። የመጨረሻውን ክር ከመቋጠሬ በፊት፣ የኋላው ግድግዳ እንዳልተያዘ ውስጡን ከፍቼ አያለሁ። ተማሪዎቼ ጥንቃቄዬን ያደንቃሉ። የስንጥሩን ዘዴ ማን እንዳስተማረኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኔ ምን እንዳደረግኳቸው ግን አልነገርኩም።

በየዓመቱ አሶሳ እሄዳለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ "መንጌ! መንጌ!" እያለ ይጣራል። ኪሴ ውስጥ አንድ እሽግ ቀጭን መርፌ አለ። እስካሁን አልተሳፈርኩም።