ዶሮ ይዤ ኮረብታ የወጣሁ ዕለት

ልጄ ገዳሪፍ ውስጥ እንደ እኔ ቂም የሚይዝ ሰው የለም ትላለች። አልቀየማትም። ቂም መያዝ ማለት ነገር አለመርሳት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ነገር አለመርሳት ደግሞ ጤና ነው።

ያልረሳሁት ነገር ይህ ነው። ባሌ ሲሞት አበልጄ ለቅሶ አልደረሰችኝም። ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ከመተማ ተነስተን ድንበሩን የተሻገርነው በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተቃቅፈን ነው፤ ሰሊጥ አጨዳ አብረን ወርደናል፤ የአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጥተናል። ስሜን በቅጡ መጥራት የማይችሉት የሱዳን ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲያጽናኑኝ፣ እሷ ቀረች። ክረምት ነበር። የምትኖረው በባሱንዳ በኩል ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ነው፤ የዚያ ሜዳ ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው መኪናም ሰውም እንደማያሳልፍ እኔም አላጣሁትም። ግን ክረምት ያልፋል። መንገዱ ደረቀ፣ አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ፤ እሷ የለችም። የማኅበሩ ሴቶች «ተያት፣ ምክንያት ይኖራታል» ሲሉኝ የእሷ ወገን መሰሉኝና ማኅበሩን ተውኩ። እነሱን ላለማየት ስል ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተውኩ። ቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ አልኩ። ዓመታት አለፉ፤ እኔ ግን ኩርፊያ ቶሎ አይታክተኝም።

ጦርነቱ ካርቱምን አፍርሶ ሰዉን ሁሉ ወደ እኛ ካመጣ በኋላ፣ እዚህ የኖሩ ሐበሾች አንድ በአንድ ወደ አገራቸው መመለስ ያዙ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት በርበሬ ሻጭ አበልጄም ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። በመጪው ሳምንት ሐሙስ በጭነት መኪና ወደ መተማ፣ ከዚያ ጎንደር ወንድሟ ዘንድ፣ ላትመለስ። በርበሬዬን ሳልይዝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ከሄደች «ለምን ቀረሽብኝ?» የሚለው ጥያቄዬ ያለ መልስ እጄ ላይ ሊቀር ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ጥጃ ቀልቤ ያሳደግሁትን ጥያቄ!

ለልጄ እውነቱን አልነገርኳትም። የኮረብታ መንደሮቹን በመኪና ዞረን እንይ፣ ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለስ አልኳት። ልጄ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ አማርኛዋ መሀል ላይ ወደ ዓረብኛ ይዞርባታል።

«ሽርሽር?» አለችኝ። «ነዳጅ በጠፋበት፣ ወታደር በየመንገዱ በቆመበት? ወላሂ እማዬ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ።»

አገሩ ከአጨዳ በኋላ ያምራል አልኳት። የታጨደ ማሽላ ምኑ እንደሚያምር ጠየቀችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ተቆጣሁ፤ እሷም ስቆጣ ነገር እንዳለ ስለምታውቅ እሺ አለች።

ዕቅዱን ሳወጣ ጦር የማዘምት ነበር የመሰለኝ። ጎረቤታችን ውሃ የሚያመላልስበት ቦክስ አለው፤ ኋላዋ ክፍት የሆነችውን መኪና እዚህ እንዲያ ነው የሚሏት። ሥራ የማይኖረው ሰኞ እንደሆነ ነገረኝ። ሰኞ ለእኔም ተስማማኝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ ገና ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ዘልያቸው ነበር፤ በዚህ ጥንቃቄዬ ምን ያህል እንደኮራሁ ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። የምንወጣቸው ኮረብታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ላይ የድሮ ማኅበርተኛችን የሆነች ጸጉር ሠሪ አለች፤ እሷ ካየችኝ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው ላይ በአንድ ወቅት ከነዕቃዬ ከቤቱ ያስወጣኝ ሰው አለ፤ እሱን ሰላም ሳልለው ማለፍ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሦስተኛው የአበልጄ ነው። እዚያ ቀትር ላይ መድረስ አለብን፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ጥላ ሥር ስለሚቀመጥ ከመኪና ስወርድ የማያየኝ አይኖርም።

የምለውንም አጥንቼ ነበር። «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ። ባሌ ሞቷል፣ ሰምተሽ እንደሆነ።» ይህን ልብስ ሳጥብም ሽንኩርት ስከትፍም እየደጋገምኩ ድምፄን አስተካክልበት ነበር። ዋናው መሣሪያዬ ግን ዶሮ ነበረች። የተበደለችው እኔ፣ ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ተሸክሜ የበደለችኝ ቤት ስገባ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያሳፍራት ይችላል? እሑድ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ ዋልኩ። ለወዳጅ እንዲያ ያለ ወጥ ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ አቧራው እንዳያበላሸው ከላይ የሱዳኖቹን ጦብ ተጠቅልዬበት፣ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ልጄ መሀል ገባች። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ክርስቲያን መሆኔን እያወቀ እንደ አገሩ አሮጊቶች ሁሉ «ያ ሐጃ» ይለኛል። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ድስቱን አስከፍቶ አሸተተና ማሻ አላህ ብሎ አሳለፈን። የዚያን ቀን ወጤን ያደነቀልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ጸጉር ሠሪዋ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ራኩባ ሥር፣ ማለት የሣር ዳስ ሥር፣ አስቀመጠችን። ስለ ሁሉም ሰው ጠየቅኳት፤ ልጠይቃት ስለፈለግሁት ሰው ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ ሙያዬን ትይልኝ ብዬ፣ ወሬውም ያለ ዶሮዋ እንዳይሄድ ብዬ፣ ድስቱን ከፈትኩት። አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«እትዬ፣» አለች ዝቅ ብላ፣ «ዛሬ እኮ ነነዌ ገባ።»

የነነዌ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ሁልጊዜ ግን የሚገባው ሰኞ ነው። መቼ እንደሚውል ቤተ ክርስቲያን ይነገራል፣ ማኅበር ላይ ይወራል። ሁለቱንም በኩርፊያ የተወች ሴት ግን ማን ይነግራታል? እንግዲህ ለዓመታት ደጀ ሰላም አለመርገጤን ድስት ሙሉ ማስረጃ ይዤ፣ መኪና ተከራይቼ፣ በየኮረብታው ላሳይ ነው የወጣሁት። ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ ዝም አትልም። ነቢዩ ዮናስም የነነዌ ሰዎች ይቅር ስለተባሉ ከከተማው ወጥቶ አኩርፎ ተቀምጦ እንደነበር ካህኑ ባለፈው እሑድ ማስተማሩን ነገረችኝ። እያየችኝ ነው የነገረችኝ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ልጄ ሳቋን ለመዋጥ ጦቤን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር። ሲበቃት፣ ተመልሰን በሌላ ቀን እንምጣ አለች። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። ሐሙስ ትሄዳለች፣ ሌላ ቀን የለም አልኳት። ሳቋን አቆመች። ክርስትና እናቷን ማየት እኮ እሷም ትፈልግ ነበር፤ በእኔ ምክንያት ነው የቀረችው። 

ድስቱን ማስወገድ ነበረብን። ለሾፌሩ ሰጠሁት፤ ሆዱን እንዳመመው ነገረኝ። ልጄ በጆሮዬ፣ የክርስቲያን እርድ እንደማይበላና አልበላም ማለት እንዳፈረ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛስ የእነሱን መች እንበላለን? በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ሰዎች ግማሹ በእርዱ ምክንያት፣ ግማሹ በጾሙ ምክንያት ያቺን ዶሮ አይቀምሳትም። ልንጥላት ስንልም እጄ እምቢ አለ፤ እንዲያ ለፍቼባት። ጾሙ እስኪፈታ፣ ሐሙስ ድረስ እንዳትቆይ ደግሞ ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል። ሁለተኛውን ኮረብታ ሳንወጣ አለፍነው። ያ ሰው ዕድለኛ ነበር፤ በዚያን ሰዓት ማንንም ለመናቅ የሚበቃ ክብር አልቀረኝም።

ሦስተኛው ኮረብታ ሥር ስንደርስ ድስቱን መኪና ውስጥ ትቼ ባዶ እጄን ለመግባት ወሰንኩ። አበልጄ ደጇ ላይ ጎንበስ ብላ ማዳበሪያ በገመድ ታስር ነበር። ከስታለች። ቀና ስትል አየችኝና ገመዱ ከእጇ ወደቀ። ቤት ገባን፤ አንዳችንም አልተሳሳምንም። ያጠናሁትን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ሾፌሩ ድስቱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ አሮጊት ሰው ቤት ባዶ እጇን ስትገባ ዝም ብሎ ማየት አስተዳደጉ አልፈቀደለትም። ድስቱን ከመሀላችን አስቀምጦ ወጣ። አበልጄ ክዳኑን አነሳችው።

«እታለም፣» አለች፣ «ዛሬ?»

ያ ሁሉ ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝ። የቀረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

«ለምን ቀረሽብኝ?»

ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ጭቃ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ጭቃ ነበር። ከዚያ ደረቀ። ዘግይቼ ብመጣ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ይህን ስል ይበልጥ ዘገየሁ፤ ስዘገይ ይበልጥ አፈርኩ። አንድ ጊዜ ለብሼ እስከ አስፋልቱ ወርጄ ተመልሻለሁ።»

«ምን መለሰሽ?»

«ምላስሽን አውቀዋለኋ።»

ልጄ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ በሳቅ ይሁን በለቅሶ አላውቅም።  የጠበቅሁት ክፋት ነበር፤ ለክፋት መልስ ነበረኝ፣ ዓመታት የሠራሁት መልስ። ለሀፍረት የሚሆን ግን ምንም አላዘጋጀሁም።

አበልጄ ተነሳችና ወጣች። ጥላኝ የሄደች መስሎኝ ነበር። ደጅ ላይ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከዚያ የገዛ ቤቷን በር ከውጭ እንደመጣች እንግዳ ሆና፣ ደረቷን እየደቃች፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ገባች። ባሌ ይጠራት በነበረው የቁልምጫ ስም ራሷን እየጠራች፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ ውሃውን እንዴት እንዳካፈላት እያነሳች አለቀሰች። እኔ በዚያ ቤት እንግዳ ነበርኩ፤ በድንገት ባለሐዘን ሆንኩ። ባለሐዘን ደግሞ ተቀምጣ ማልቀስ ነው ሥራዋ። አላለቅስላትም ብዬ ነበር። ከእኔ አብልጣ ማልቀሷ ግን እልህ አስያዘኝ፣ በእልህ ጀመርኩ፤ ኋላ እልሁ የት እንደሄደ አላውቅም።

የኮረብታ ላይ መንደር ድምፅ አይደብቅም። የጎረቤት ሴቶች፣ ሐበሾቹም ሱዳኖቹም፣ የሞተ ሰው አለ ብለው መጡ። ሱዳኖቹ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በረካው በእናንተ ይሁን እያሉ በየተራ ተቀመጡ። አንዷ አሮጊት ሟቹ መቼ እንደሞተ ልጄን በዓረብኛ ጠየቀቻት። ልጄ መዋሸት አትችልም፤ ከብዙ ዓመት በፊት አለቻት። አሁን ተነስተው ይሄዳሉ፣ መሳቂያ ሆንኩ አልኩ። አሮጊቷ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ ጉልበቴን ያዘችልኝ እንጂ አልተነሳችም። ወንዶቹ ደጅ ላይ ተቀመጡ፤ ሾፌራችንም ከእነሱ ጋር የፋቲሃ ጸሎት አደረገ። በዚያ ግርግር ድስቱን ማን እንዳወጣው አልታወቀም፤ በኋላ የመንደሩ ውሾች ሲጣሉበት ሰምተናል።

ከሰዓት በኋላ አበልጄ የሽምብራ ንፍሮ ቀቅላ አቀረበች፤ ለለቅሶም ለነነዌም የሚሆን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄ ኬላው ሊዘጋብን ነው፣ እንሂድ ብላ አንሾካሾከችብኝ። ለቀስተኛ እየመጣ ባለሐዘን ተነስታ እንደማትሄድ ነገርኳት። ደግሞም እውነት ነበር፤ ገና ከታች እየወጡ ነበር።

ሐሙስ ልጄ ክርስትና እናቷን ልትሸኝ ሄደች። እኔ አልሄድኩም፤ መሸኘት አልወድም። ልጄ ስትመለስ፣ ይቅር ብለሻታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለቅሶ ደርሳኛለች አልኳት። ከዚህ በላይ ከእኔ ማውጣት እንደማይቻል ስለምታውቅ ቡና ልትጥድ ተነሳች።